ቅቤ የጠጣው ክሮቼራ

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ሰዎች የምታንኳኳ መኪናቸውን ይዘው ደጄ ድረስ ይመጣሉ። አልሰማም እላቸዋለሁ። ውሸቴን አይደለም። የግራ ጆሮዬ ከሄደ ሰነበተ፤ ቀኙም ሐሜት ሲሆን እንደምንም ይሰማል፣ ብረት ሲሆን ግን ይለግማል። ወገቤ መኪና ሥር መግባቱ ይቅርና ጫማዬን ላስር ስል እንኳ ይጣላኛል። እነሱ ግን ሽማግሌ ሁሉ የሚግደረደር ይመስላቸዋል፤ ሞተሩን ሳያጠፉ በር ላይ ይጠብቁኛል።

ባለፈው ወር የመጣው ጎረቤቴ ነው። አስተማሪ ነው፣ ጨዋ ሰው። ዕድሜዋ ከእሱ የማይተናነስ፣ አራቱም ጎማዋ የሚጎትት መኪና ገዝቷል።

"ጋሽ አራጋው፣ የፊት ዲፈረንሻሏ ሄዷል" አለኝ። "ስልኬ ላይ አንብቤ አረጋግጫለሁ።"

"ምን እያለች ነው የምትጮኸው?"

"ዲፈረንሻሉ ነዋ!"

"ስሙን አልጠየቅኩህም። ድምፁን በአፍህ አሰማኝ።"

ግራ ቀኙን አየ። ተማሪዎቹ በመንገዱ ያልፋሉ። ጉሮሮውን ጠራርጎ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ "ኳ" አለ። ትንሽ ቆየና ደግሞ "ኳ"። ሳቄ መጣና ወዲያው ሄደ። በሩ አጠገብ ያለው ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። ያቺን ድምፅ እንዲህ ለብቻዋ ከሰማኋት ብዙ ዘመን ሆኖኛል፤ ባልሰማትም እመርጥ ነበር።

ድምፁን በአፍህ አሰማኝ የሚለው አነጋገር የእኔ አይደለም፣ የጋሼ ይመር ነው። ጋሼ ይመር ደሴ በተቀጠርኩበት የመንግሥት ጋራዥ ዋና መካኒክ ነበሩ። እኔ ከኩታበር መጥቼ ሥራ ስጀምር እሳቸው ፀጉራቸው መሸበት ጀምሯል። ሙያውን ከጣሊያን ሰዎች ነው የተማሩት፤ የዕቃዎቹን ስም ሁሉ በጣሊያንኛ ይጠሩታል፣ ሲሳደቡ ግን በወሎኛ ነበር። ሌላው መካኒክ እጁን የሚታጠበው ከሥራ በኋላ ነው። እሳቸው ከሥራ በፊት ነበር የሚታጠቡት፤ በናፍጣ፣ ከዚያ በሳሙና፣ ከዚያ በንጹሕ ጨርቅ ጥርግ አድርገው። "ቅባት የለበሰ መዳፍ ምን ይሰማል?" ይሉ ነበር። የሚያዳምጡት በጆሯቸው ብቻ አልነበረም ማለት ነው።

ሾፌር የዕቃ ስም ይዞ ከመጣባቸው ይቆጡ ነበር። ስም ይዞ የሚመጣ ሰው ወይ ሌላ ሰው ነግሮታል፣ ወይ የሚደብቀው ነገር አለ ብለው ያምናሉ። ስለዚህ ትልቁም ትንሹም እፊታቸው ቆሞ እንደ ሕፃን ይጮህ ነበር። አንድ ጊዜ ከረባት ያሰረ የአውራጃ ሹም መሪ ሲያዞር የሚሰማውን "ቀጭ ቀጭ ቀጭ" እያለ ሲያሰማቸው ግቢው በሙሉ ሥራ ፈቶ አይቶታል። ጋሼ ይመር አልሳቁም። "ቀጭ ቀጭ ከሆነ ከጎማው ነው፤ ዝዝዝ ከሆነ ኩሽኔታ ነው፤ ስትነሳ አንድ ጊዜ ኳ ብላ ዝም ካለች ግን አንድ ቦታ የላላ ብረት አለ" አሉና ወደ መኪናው ሥር ገቡ።

ስለ ደመወዙ ብዙ አልናገርም። ወር አያደርስም ነበር። ስለ እድገት የጻፍኩት ማመልከቻም እስካሁን መልስ እየጠበቀ ነው።

ከዚያ ያ ክፉ ቀን መጣ። የራያ፣ የየጁ፣ የአምባሰል ሰው እየተነሳ ደሴ ገባ፤ በየአጥሩ ሥር ተኛ። እኛ የእህል መኪናዎችን ስንጠግን እንውል ነበር። ምሳችንን የምንበላው የጋራዡን በር ዘግተን ነው። በሩን የዘጋው ማን እንደሆነ አላስታውስም፤ ክፈቱት ያለ ሰው እንዳልነበረ ግን አስታውሳለሁ።

በአብዮቱ ዓመት፣ ከፋሲካ በኋላ፣ ከመካነ ሰላም የስልክ መልእክት መጣ። እዚያ ለእርዳታ የተመደበች አንዲት መኪና አለች። ከመካነ ሰላም ወደ አባይ በኩል ቁልቁል፣ ቆላ ውስጥ ወዳለ መጠለያ እህልና መድኃኒት የምታወርድ፣ በሽተኛ ይዛ የምትወጣ እሷ ብቻ ናት። ጥርጊያው ያን ዓመት በዶማና በአካፋ የተቆፈረ ስለሆነ የጭነት መኪና አይገባበትም፤ የፊት ጎማዋ የማይጎትት መኪናም ብትወርድ አትወጣም። መልእክቱ "የፊት ዲፈረንሻሏ ተበላሽቷል፣ ክረምት ሳይገባ ባስቸኳይ ይላክ" ይላል።

ጋሼ ይመር የጋራዡ አለቃ ቢሮ ገቡ፤ እኔም ተከትያቸው ነበር።

"ሾፌሩን በስልክ ያገናኙኝ" አሉ።

"ለምን?"

"ድምፁን በአፉ ያሰማኝ።"

አለቃው እንቅልፍ ካየ የሰነበተ ሰው ነበር። ዓይኑን በመዳፉ አሸት አደረገና "ጋሼ ይመር፣ ያለን መስመር አንድ ነው" አለ። "በዚህ መስመር እህል ይጠየቃል፣ የሞተ ሰው ይነገራል። እርስዎ ደግሞ ሾፌር ኳኳ ሲል ሊያዳምጡበት?" አልፈርድበትም። ያን ቀን እኔም የእሱን ሐሳብ ነበር የደገፍኩት።

እናም አንድ ሙሉ ዲፈረንሻል፣ ለአራት ሆነን የተሸከምነውን፣ የእህል ጭነት መኪና ላይ ጫንን። ለእሱ ቦታ ለማስለቀቅ እህል ወረደ። በጉጉፍቱ ደጋ ብርድ ዲፈረንሻሉን ተደግፈን ተጓዝን። መንገድ ዳር የተቀመጡ ሰዎች መኪናውን ሲያዩ ይነሳሉ፤ አንዳንዶቹ ግን አይነሱም። ጋሼ ይመር አንድ ጊዜ ብረቱን መታ መታ አድርገው "አንተ ባትሆን ነው የሚሻለኝ" አሉት። እሱ ከሆነ የጥገናው ሥራ ሜዳ ላይ የሚሠራ አልነበረም።

መካነ ሰላም ስንደርስ የተቀበለን ሾፌሩ ሰይድ ነው። ቀጭን፣ ትሑት፣ ሲናገር መሬት መሬት የሚያይ ሰው። አጠገቡ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ ያሰሩ ሴትዮ ቆመዋል፤ እትዬ በላይነሽ ይባላሉ። ሌላው ሰው የሚያየው ጭነቱን ነው፣ እሳቸው የሚያዩት የእኛን እጅ ነው።

"መርሃባ፣ እንኳን ደህና መጣችሁ" አሉ። "ቶሎ ትድናለች?"

"ማን?" አልኩ እኔ።

"መኪናዋ ናታ። ልጄ እታች ናት። አስካለ ትባላለች፤ ቆላ ነው የዳርኋት። ባሏ ሞተ፣ ሁለት ልጆች ይዛ መጠለያው ገብታለች፣ እሷም ታማለች ብለውኛል። ሰማዩን ተመልከት የኔ ጌታ፤ ዝናቡ ከጀመረ ያ ቁልቁለት ሳሙና ነው፣ እስከ መስከረም መኪና አይወጣም።"

ከሰማዩ ጥግ ጥቁር ደመና እየተነሳ ነበር። ከዚያ ሰዓት ጀምሮ የያዝነው ሥራ ምን እንደሆነ ገባኝ።

ጋሼ ይመር እጃቸውን ታጠቡ። "በል ሰይድ፣ አሰማኝ" አሉ።

"ዲፈረንሻሉ ነው ጋሼ፣ ወላሂ ዲፈረንሻሉ ነው።"

"ዲፈረንሻሉስ ይኸው መጥቷል፣ የት ይሸሻል? አንተ ድምፁን አሰማኝ።"

ሰይድ አንገቱን ደፍቶ "ኳ" አለ።

"መቼ መቼ?"

"ስነሳ። ወደ ኋላ ስመልሳትም እንደዚሁ።"

"ስትዞርስ?"

"ስዞር ምንም የለ።"

ሜዳው ላይ ነዳናት። በኋላ ጎማ ብቻ ስትሄድ ዝም አለች። የፊቱ መጎተቻ ሲገባ፣ ገና ንቅንቅ ስትል፣ "ኳ!" ወደ ኋላ ስትመለስ ደግሞ "ኳ!" ጋሼ ይመር ሞተሩን አስጠፉና ሥሯ ገብተው በጀርባቸው ተኙ። እኔ ማርሽ አስገብቼ መኪናዋን በትከሻዬ ወደፊትና ወደኋላ ገፋ መለስ አደርጋታለሁ፤ እሳቸው መዳፋቸውን ብረቱ ላይ ያሳርፋሉ። ከካምቢዮው፣ ከማርሹ ሳጥን፣ ወደ ፊት ዲፈረንሻል የሚሄድ ረዥም ቱቦ አለ። በሁለቱ ጫፎቹ ላይ ክሮቼራ የምንላት፣ መዳፍ ውስጥ የምትገባ የመስቀል ቅርጽ ያላት ብረት አለች። ጎማው ጉድጓድ ውስጥ ሲገባና ሲወጣ ቱቦው እንዲተጣጠፍ የምታደርገው እሷ ናት። አራቱም ጫፎቿ ላይ ቆብ አለ፤ በየቆቡ ውስጥ መርፌ የመሰሉ ቀጫጭን ብረቶች ተደርድረው በግራሶ፣ በወፍራሙ የማሽን ቅባት፣ ተነክረው ይሽከረከራሉ። ግራሶ ካጡ አለቀላቸው።

"አራጋው፣ ግባ እስቲ" አሉኝ። ገባሁ። "ምን ታያለህ?"

"ምንም የለም። ንጹሕ ነው።"

"ችግሩ እሱ ነው። መኪናዋ ሁለመናዋ አፈር ነው፣ ይቺ ቦታ ብቻ ለዓመት በዓል የተወለወለች ትመስላለች። ደርቃ የምትፋጭ ክሮቼራ ዙሪያዋን ቀይ ዱቄት ትተፋለች። ማን ነው የጠረገላት?"

ከውጭ የሰይድ እግሮች ይታዩኝ ነበር። ወዲያና ወዲህ ይላሉ።

ቱቦውን ፈትተን የአንዱን ቆብ ክዳን ስናወጣ ሽታው መጣ። ኮሰረት ነው። ኮረሪማም አለበት። ተነጥሮ የተቀመጠ የወጥ ቅቤ። አፌ ምራቅ ሞላ። በዚያ ዓመት፣ ከመኪና ሥር፣ ከብረት ውስጥ የወጥ ሽታ ሲወጣ ምን እንደሚሰማ ለማስረዳት አልችልም። አፈርኩ ብል ይቀላል። ውስጡ ያሉት መርፌዎች ግማሹ ዱቄት ሆኗል፣ ግማሹ ተሰባብሯል።

ሰይድ ቁጭ አለና ፊቱን ሸፈነ።

"ግራሶ አለቀብኝ" አለ። "ደሴ ልኬ ልኬ መልስ የለም። ደርቃ መጮህ ስትጀምር እትዬ በላይነሽ ሰምተው፣ ምን ሆና ነው አሉኝ። ቅባት አጥታ ነው አልኋቸው። ለፋሲካ ብለው ያስቀመጡትን፣ እቤታቸው የቀረውን ሁሉ፣ በቅል ይዘውልኝ መጡ። በግራሶ ማስገቢያው ፓምፕ አጠጣኋት። ደጋው ላይ ሠራ ጋሼ፣ ወላሂ ሠራ፣ ዝም አለች።"

"ቆላ ስትወርድስ?"

"ቆላ ስወርድ እንደ ውሃ ፈሰሰ። የነበረውንም ግራሶ ይዞት ሄደ።"

"ታዲያ ለምን እንዲህ ነው አላልከንም?"

"የሚበላ ነገር ብረት አጠጣሁ ብዬ?" አለ ሰይድ። "ሰው እየወደቀ? ግፍ አይደለም? በስልክ እንዴት ብዬ ልናገረው፣ የስልክ ቤቱ ሰው ሁሉ እየሰማ? የሳቸውስ ስም ይነሳ? ዲፈረንሻል አልኩ።"

እንዲህ ያለ ስህተት ሌላ አገር ይሠራል ብዬ አላስብም። ጋሼ ይመር ይቆጣሉ ብዬ ስጠብቅ፣ እጃቸውን ሰይድ ትከሻ ላይ ጣል አድርገው "አብሽር" አሉት። ከዚያ ጭነት መኪናው ላይ የተቀመጠውን ዲፈረንሻል ረዥም ጊዜ ተመለከቱት። ለእሱ ብለን ያወረድነው እህል ታውሶኝ ቀና ብዬ ማየት አቃተኝ። የሚያስፈልገን ዕቃ ኪስ ውስጥ የሚገባ ነው፤ ያለው ደሴ፣ ዕቃ ቤት መደርደሪያ ላይ። የጭነት መኪናው ክሮቼራ ደግሞ ለእሷ የማይሆን፣ እጥፍ የሚያክል ነው።

የጭነት መኪናው ሾፌር ያኑ ቀን ወደ ደሴ ተመለሰ፤ ክሮቼራውን ይዞ ሊመጣ። እኛ ግን ደመናውን እያየን እሱን መጠበቅ አልሆነልንም። ጋሼ ይመር ክሮቼራውን እያገላበጡ ቆዩና እትዬ በላይነሽን ጠሯቸው።

"ወስፌ አለዎት?"

"ወስፌ? ምን ሊሰፉ?"

"አይነት አይነቱን ያምጡልኝ። ከጎረቤትም ይለምኑልኝ።"

ሴቶቹ መሶብ የሚሰፉበትን ወስፌ እያመጡ አፈሰሱልን። እህል በሌለበት ዓመት መሶብ የሚሰፋ የለ፤ ሁሉም ከየግድግዳው ተሰክቶ ከርሟል። ጋሼ ይመር አንድ ቁራጭ ላሜራ በስተው፣ በቀዳዳው ልክ የሚያልፈውን ብቻ እየመረጡ፣ የማያልፈውንና ወለም ወለም የሚለውን ወደ ባለቤቶቹ መለሱ። የተመረጠውን በብረት መጋዝ ቆራረጥነው። እንዲጠነክር በእሳት አግለን ውሃ አጠጣነው። አንድ በአንድ አሻሽተን ከቆቡ ውስጥ ደረደርነው፤ የጭነት መኪናው ሾፌር ትቶልን በሄደው ግራሶ ለወስነው ገጠምን። ክሮቼራውንም ሩብ ዙር አዙረን፣ ያልተበላው ጎኑ ጭነቱን እንዲሸከም አደረግን። ሁለት ቀን ሙሉ ፈጀብን።

ሜዳው ላይ ስትነሳ ድምፅ አልነበራትም። የከተማው ሰው እልል አለ። ጋሼ ይመር እልልታውን አልወደዱትም።

"አንድ ጊዜ ትወርዳለች፣ አንድ ጊዜ ትወጣለች" አሉት ሰይድን፣ ሰው እንዳይሰማ ቀረብ ብለው። "ከዚያ በኋላ አላውቅም። የወስፌ ብረት ነው። ካበዛህባት እታች ነው የምትቀሩት።"

እኔና ሰይድ ወረድን። ቁልቁለቱን እየጸለይን፣ እሱ በዱዓው፣ እኔ በእመቤቴ። ቆላው ውስጥ ሙቀቱ እንደ እቶን ተቀበለን። መጠለያው የሳር ዳሶች ናቸው። የመጠለያው ድሬሰር፣ በሽተኛ የሚያክመው ሰው፣ በጣም የደከሙትን መርጦ ጠብቆናል፤ ከነዚያ መካከል አስካለ ነበረች። እናቷን ትመስላለች። ልጆቿን፣ አንዲት ሴት ልጅና ታናሽ ወንድሟን፣ እኔ እጅ ላይ አደረገችና ወደ ኋላ ቆመች።

"ነይ ውጪ እንጂ" አልኳት።

መኪናዋ ሞልታለች። የቀረው የእሷ ቦታ ብቻ ነው። ከእሷ አጠገብ ሕፃን የታቀፈች፣ መቆም ያቃታት ሌላ ሴት መሬት ላይ ነበረች። ለሁለቱም ቦታ የለም። ሰይድ እኔን አየኝ፣ እኔ እሱን አየሁት። አንድ ሰው ብንጨምር ምናለ ብሎ ሊጠይቀኝ እንደፈለገ ፊቱ ላይ አነበብኩ። የጋሼ ይመር ቃል ጆሮዬ ውስጥ ነበር፤ ራሴን ነቀነቅሁ።

"እሷን ያዟት" አለች አስካለ። "እኔ እቆማለሁ፣ እዩኝ፣ ቆሜያለሁ። በሚቀጥለው እመጣለሁ።"

"ነገ ጠዋት ኢንሻአላህ" አላት ሰይድ።

ወጣን። የመጨረሻው ቀጥ ያለ አቀበት ላይ፣ ደጋው አፍንጫችን ሥር ሲደርስ፣ ከእግሬ በታች ሰማኋት። "ኳ።" ሰይድ ነዳጁን ረገጠ፤ ሌላ ምን ያደርጋል? እያንኳኳች፣ እያንኳኳች፣ ጠርዙን ወጣች። ከተማ ስንገባ ጋሼ ይመር ቆብ ሳይፈቱ፣ መዳፋቸውን ቱቦው ላይ አድርገው ሲወዘውዙት በቃ አሉ። ወስፌዎቹ ተጨፍልቀዋል።

እትዬ በላይነሽ የልጅ ልጆቻቸውን ተቀብለው አቀፉ። ከዚያ ወደ መኪናዋ መጥተው ውስጧን አዩ። ደግመው አዩ። "ነገ" አልኳቸው። ያን ቀን ማታ ዝናቡ ጀመረ።

የጭነት መኪናው ክሮቼራውን ይዞ መንገድ ላይ ነበር፤ የመረሬው ጭቃ ውጦት ቀረ። ዝናቡ ትንሽ ፋታ ሲሰጥ የከተማው ወንዶች፣ እስላሙም ክርስቲያኑም፣ ድሮም እንደሚያደርጉት ቃሬዛ ተሸክመው በእግራቸው ወረዱ። እኔም ሰይድም ወረድን። ጭቃው ጉልበት ይይዛል። ስንደርስ አስካለ ተቀብራለች። ድሬሰሩ መቃብሯን በእጁ አሳየን፤ ከሌሎቹ ጋር ነው፣ ለይተህ አታውቀውም። ለእሷ የያዝነው ቃሬዛ ባዶውን አልተመለሰም። ሌላ ሰው ጭነን ወጣን።

ከዚያ በኋላ ብዙ ሆኗል። ደሴ ስመለስ አለቃው ተነስቷል፤ በጋራዡ ኮሚቴ ተቋቁሟል፤ ስለ መኪናዋ ብልሽት አሻጥር ነው አይደለም የሚል ስብሰባ ተጠራ። ጋሼ ይመር ተነስተው "የግራሶው ጥያቄ በየትኛው ጠረጴዛ ላይ እንደቀረ ፈልጉ፣ ከዚያ ጥሩኝ" ብለው ቁጭ አሉ። ማንም አልፈለገም፣ ማንም አልጠራቸውም። ሰይድም ስለ ቅቤው ሳይጠየቅ ቀረ። እኔ ደጎሎ ተመድቤ በስንዴ ማሳ ውስጥ ትራክተር ሳስነሳ ኖርኩ፤ ማሻ ወርጄ የመንገድ ሥራ መኪናዎችን ጠገንኩ። ጥሩ አለቃም፣ ቀሽም አለቃም ገጥሞኛል፤ ስማቸው ይምታታብኛል። ጋሼ ይመርን ከቀበርን በኋላ እኔም በተራዬ ሾፌሮችን አስጮህኩ። ከዚህ ሁሉ የሥራ ዘመን ግን ደክሞኝ ስጋደም የሚመጣብኝ አንድ ቀን ነው፤ ያ ክረምት ካለፈ በኋላ፣ በጥቅምት፣ ከጋሼ ይመር ጋር ተመልሰን መካነ ሰላም የሄድንበት።

አዲሱን ክሮቼራ ይዘን ነበር። ለመግጠም ረፋዱን እንኳ አልፈጀብንም። ሜዳው ላይ ስትነሳ፣ ወደ ኋላ ስትመለስ፣ ትንፍሽ አላለችም። ይህን ያህል ቀላል ሥራ ነበር። ንጉሡ ወርደዋል፤ የከተማው አጥር ላይ አዲስ መፈክር ተለጥፏል፤ ገብሱ ለምልሟል፤ አገሩ ምንም እንዳልደረሰበት ሁሉ አረንጓዴ ለብሷል። ያ ደግሞ ያናድደኝ ነበር።

እትዬ በላይነሽ ቤታቸው ወስደው አስቀመጡን። ሁለቱ ልጆች ግቢው ውስጥ ናቸው። ልጅቷ ረሃብ ያቀላው ፀጉሯ ደርቆ ቆሟል። ጎረቤት ላሟ ወልዳላት ለልጆቹ ፀጉር ብላ የላከችው ለጋ ቅቤ መደቡ ላይ በቅጠል እንደተጠቀለለ አለ፤ እትዬ በላይነሽ አልነኩትም። ጎረቤትየዋ ደጋግማ ብትልክም ቅቤውን ሁልጊዜ ሳይነካ እንደምታገኘው በኋላ ሰይድ ነግሮኛል።

"ጋሼ ይመር" አሉ እትዬ በላይነሽ፣ "አንድ ነገር ልጠይቅዎ። እንደ ልጅ አያባብሉኝ። ልጄን የገደላት ቅቤዬ ነው?"

ሰይድ ተነስቶ ወጣ። ጋሼ ይመር ቀና አሉና ፊታቸውን እያዩ ተናገሩ።

"ቅቤው ባይኖር ያቺ መኪና ፋሲካን አትሻገርም ነበር። ግራሶ የላከላት የለም። ከፋሲካ እስከ ግንቦት ከቆላ የወጣ ሰው ሁሉ በእርስዎ ቅቤ ነው የወጣው። እነዚህም ልጆች።"

እትዬ በላይነሽ ወደ እኔ ዞሩ። "እውነት ነው ልጄ? አንተም እጅህን ከትተህ አይተሃል።"

መካኒክ ነኝ። ቅቤው ሲቀልጥ የተረፈውን ግራሶ አጥቦ ባይወስደው ኖሮ ክሮቼራዋ ትንሽ ትቆይ እንደነበር አውቃለሁ፤ ምን ያህል እንደምትቆይ ግን ማንም አያውቅም። ምናልባት ሁለት ጉዞ። ጋሼ ይመርም ይህን ያውቃሉ። መሬት መሬት እያዩ መልሴን ይጠብቃሉ።

"እውነት ነው እትዬ" አልኩ። "እሳቸው እንዳሉት ነው።"

እትዬ በላይነሽ ልጅቷን ጠሯትና በጉልበታቸው መካከል አስቀመጧት። ቅጠሉን ፈቱ። ከቅቤው ቆንጥረው በመዳፋቸው አሸት አሸት አድርገው መሃል አናቷ ላይ ጣል አደረጉት። ልጅቷ ቅዝቃዜው ሲነካት ሳቀች፤ ገና ሳይጨርሱ ተነስታ ወደ ግቢው ሮጠች።

እትዬ በላይነሽ ቅባት የነካ እጃቸውን ከፊታቸው አንስተው ያዩታል።

"ከጥላው አትውጪ!" አሏት። "ፀሐይ ላይ ይቀልጣል።"